እናቴን ከገጠር ወደ ከተማ ላምጣት ወይ? መኖሪያ አካባቢና የእርጅና ዘመን አእምሮ

«የመጀመሪያ ልጅ» በሚል ስም ለጻፉልን ጠያቂያችን፦

ደብዳቤዎ ረጅም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስቀምጠው። የ72 ዓመት እናትዎ በተወለዱበት ገጠር፣ ከታናሽ ወንድምዎ ቤት አጠገብ ይኖራሉ። ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። የደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም መድኃኒቱን የሚወስዱት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሰው ስም ይጠፋባቸዋል፣ የነገሩዎትን ደግመው ይነግሩዎታል፣ በስልክ ሲያነጋግሯቸው ደግሞ አንዳንዴ ከጥያቄዎ ጋር የማይገናኝ መልስ ይሰጣሉ። እርስዎን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ የታዩበት ክሊኒክ ያደረገላቸው አጭር የአእምሮ ምርመራ ዝቅተኛ ውጤት አሳየ። ከዚያ በኋላ፣ በገጠርና ብዙ ባልለሙ አካባቢዎች የሚኖሩ አረጋውያን አእምሮ ከሌላው ቀድሞ እንደሚደክም አነበቡና «ቦታው ነው የሚያደክማት፤ ቶሎ ካላወጣኋት ታመልጠኛለች» ብለው ጻፉልኝ። ወንድምዎ በበኩሉ «ከቤቷ ከተነቀለች ይብስባታል» ብሎ ተቃውሟል። የጠየቁኝም ከሁለታችሁ ማን ትክክል እንደሆነ ነው።

ያነበቡት ነገር መሠረት አለው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን የተቻኮለ ይመስለኛል። በአንድ አገር ውስጥም ሆነ በአገሮች መካከል የአረጋውያን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ይሁን እንጂ ልዩነቱን የሚያመጣው መሬቱ ሳይሆን ሰዎች በዚያ መሬት ላይ ሲኖሩ ያገኙትና ያጡት ነገር ነው። ከዚህም ውስጥ አንዳንዱ እናትዎ ልጅ ሳሉ ያለፈና ቦታ በመቀየር የማይመለስ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ዛሬ እዚያው ባሉበት ሊስተካከል የሚችል ነው። ስለዚህ «የት ይኑሩ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምን ጎደላቸው?» የሚለው መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳልሆነ ልሸሽግዎ አልፈልግም። በህንድ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ማለትም ዲሜንሺያ ያለባቸው በጠቅላላው 7.4 በመቶ እንደሆኑ ሲገምት፣ በዴልሂ 4.5 በመቶ፣ በጃሙና ካሽሚር ደግሞ 11 በመቶ እንደሚደርሱ አመልክቷል፤ በገጠር ያለውም ድርሻ በከተማ ካለው ይበልጣል። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኙ፣ ስትሮክ ስለሚበዛባቸው «የስትሮክ ቀበቶ» የሚል ስም የወጣላቸው ግዛቶች አሉ። ከ45 ዓመት በላይ የሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ መጀመሪያ አእምሯቸው ደህና ከነበረው ውስጥ የእነዚህ ግዛቶች ነዋሪዎች የማሰብ ችሎታቸው የመዳከም ዕድሉ ከሌሎች አሜሪካውያን በ18 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሚካሄደው ሰፊ የአረጋውያን ጥናት እንደ ስዊድንና ዴንማርክ ባሉ የሰሜን አገሮች የሚኖሩ ሰዎች በቃላት ማስታወስ ፈተና ከስፔንና ከጣሊያን እኩዮቻቸው የተሻለ ውጤት ያስመዘግባሉ።

ነገር ግን እነዚህን ቁጥሮች ይዞ «የለማ ቦታ አእምሮን ይጠብቃል፣ ያልለማ ቦታ ያደክማል» ብሎ መደምደም አይቻልም። በናይጄሪያዋ ኢባዳን የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያንንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ አፍሪካ አሜሪካውያን አረጋውያንን በአንድ ዓይነት ዘዴ መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ጥናት፣ በየዓመቱ በመርሳት በሽታ አዲስ የሚያዙት በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 በመቶ ሆነው አግኝቷቸዋል። በሀብት፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ብዛት የምትበልጠው ከተማ ከእጥፍ በላይ የበሽታ ጫና ነበረባት ማለት ነው። በቦሊቪያ ቆላማ ደን ውስጥ እያረሱ፣ እያደኑና ዓሣ እያጠመዱ በሚኖሩት የጺማኔ ሕዝብ አረጋውያን ዘንድም የመርሳት በሽታ ያለባቸው ወደ 1 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህ አረጋውያን ዕድሜያቸውን በሙሉ በአካል የሚሠሩ ከመሆናቸውም በላይ የልባቸውና የደም ሥሮቻቸው ጤና እጅግ ጥሩ ነው። እናትዎ በገጠር መኖራቸው በራሱ ጉዳት ነው ብለው እንዳይነሡ ይህን አስቀድሜ አነሣሁት፤ ገጠር የሚነሣቸው ነገር እንዳለ ሁሉ የሚሰጣቸውም አለ።

አሁን ወደ ክሊኒኩ ምርመራ እንመለስ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ተጠየቁ ብለው የዘረዘሩልኝ ነገሮች፣ ማለትም የዕለቱን ቀን መናገር፣ ከመቶ እየቀነሱ ወደ ኋላ መቁጠር፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍና የተሣለ ቅርጽ አይቶ መገልበጥ፣ በብዙ አገሮች ከሚሠራባቸው ባለ 30 ነጥብ አጫጭር መጠይቆች የተወሰዱ ይመስላሉ። እንዲህ ያለው መጠይቅ የተዘጋጀው እርሳስ መያዝ ለለመደ ሰው ነው። ዕድሜ ልካቸውን እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጽ ሣሉ ሲባሉ ቢያቅታቸው፣ የታየው አለመማራቸው ነው ወይስ የአእምሯቸው መድከም? ከወረቀቱ ላይ ይህን መለየት አይቻልም። ይህን ችግር በመረዳት በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ላልተማሩ ሰዎች የሚስማሙ መመዘኛዎችን አዘጋጅተዋል፤ እነዚህ መመዘኛዎች ከታማሚው መልስ በተጨማሪ አብሮት የሚኖረውን ሰው ምስክርነትም ይጠይቃሉ። የእናትዎ የቅርብ ምስክር ወንድምዎ ነው፤ ክሊኒኩ ግን እንደጻፉልኝ እሱን አልጠየቀውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በቦታዎች መካከል ስለሚታየው ልዩነት የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። አንድ ቀን የተወሰደ ውጤት የሚያሳየው አንድ ሰው ያለበትን ደረጃ እንጂ የቁልቁለቱን ፍጥነት አይደለም። ከ30 ነጥብ 28 የነበረው የተማረ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 24 ቢወርድ ውጤቱ ለብዙዎች ገና ደህና ይመስላል፤ ሁልጊዜም 20 ላይ የነበረችና አሁንም 20 ላይ ያለች ሴት ግን በሽተኛ ትባላለች። የሚያሳስበው የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ሳለ ማለቴ ነው። ትምህርት በእርጅና ዘመን የሚገኘውን ውጤት ከፍ እንደሚያደርግ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ የመድከሙን ፍጥነት ማዘግየቱ ግን በዚያው ልክ ጎልቶ አልታየም። ስለዚህ የአንድ አካባቢ አረጋውያን አማካይ ውጤት ዝቅ አለ ማለት አእምሯቸው ከሌላው ፈጥኖ እየተዳከመ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሲጀመርም ትምህርት ቤት ያልተሠራላቸው ትውልድ ናቸው ማለት ሊሆን ይችላል።

የልጅነትን ድርሻ በተመለከተ በስኮትላንድ የተደረገው ክትትል ብዙ አስተምሮናል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1947 ዕድሜያቸው 11 ዓመት የነበረ ከ70,000 በላይ ሕፃናት በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ፈተና ተፈተኑ። ከእነዚህ ውስጥ ከአንድ ሺህ የሚበልጡት ወደ 70 ዓመታቸው ሲደርሱ እንደገና ተፈልገው ያንኑ ፈተና ሲወስዱ፣ በመካከላቸው ከታየው ልዩነት ወደ ግማሽ የሚጠጋው በ11 ዓመታቸው ባመጡት ውጤት የሚገለጽ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌ ላይ የምናየው የማሰብ ችሎታ አንዱ ክፍል፣ ሽማግሌው ልጅ ሳለ ይዞት የነበረው ነው ማለት ነው።

«ከቦታው ላውጣት» የሚለውን ሐሳብዎን ይበልጥ የሚፈትነው ግን በካሊፎርኒያ የተደረገ አንድ ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ በሙሉ በጎልማሳነታቸው በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚኖሩና በአንድ የጤና ድርጅት የሚታከሙ ነበሩ። ሆኖም ስትሮክ በሚበዛባቸው ግዛቶች ተወልደው ወደዚያ የመጡት ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ሌላ ቦታ ከተወለዱት በ28 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቦታውን ትተው የወጡት ገና በሽተኛ ሳይሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት ነበር፤ የልጅነታቸው አሻራ ግን አብሯቸው ተጉዟል። እናትዎን በ72 ዓመታቸው ወደ ከተማ ማምጣት ያለፈውን ሊሽር እንደማይችል እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ። እኔ ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም፤ ጉልበትዎንና ገንዘብዎን በሚለወጠው ነገር ላይ እንዲያውሉት ነው።

የሚለወጥ ነገር ደግሞ አለ፤ ከሁሉ በፊት የደም ግፊታቸው። በቻይና ገጠር በ326 መንደሮች የሚኖሩ ወደ 34,000 የሚጠጉ የደም ግፊት ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር። በግማሾቹ መንደሮች ሐኪም ያልሆኑ የመንደር ጤና ሠራተኞች በሐኪሞች እየታገዙ የሰዎቹን ግፊት ከ130/80 በታች ለማድረግ መድኃኒት ሰጡ፣ በየጊዜው ለኩ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ ተከታተሉ፤ በቀሪዎቹ መንደሮች የተለመደው ሕክምና ቀጠለ። ከአራት ዓመት በኋላ ክትትሉ በተደረገባቸው መንደሮች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድል በ15 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ጥናት ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ የማየው፣ ከመንደሩ የወጣ ሰው ሳይኖር የመጣ ለውጥ ስለሆነ ነው። ሰዎቹ በዚያው ቤታቸው፣ በዚያው ሥራቸው፣ በዚያው ጎረቤታቸው መካከል እያሉ የአካባቢያቸው ጉድለት አንዱ ክፍል ተሞላላቸው። ሙከራው ውድ መሣሪያ አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንዲወሰድ የሚያደርግ ሰው ነበር።

እናትዎ መድኃኒቱን የሚወስዱት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው ብለውኛል። ግፊት ከፍ ሲል ራስ ያማል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም ሳይሰማ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ለዓመታት መጉዳቱ ነው። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሊደረግ የሚችለው ትልቁ ነገር፣ በሚኖሩበት አካባቢ ያለ ጤና ባለሙያ ግፊታቸውን ለክቶ መድኃኒቱን እንደገና እንዲያስተካክልላቸው ማድረግና በየቀኑ መውሰዳቸውን ወንድምዎ እንዲከታተል መስማማት ነው። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፤ በዚህ ዕድሜ ግፊት በድንገት ሲወርድ ማዞርና መውደቅ ያመጣል፣ ራስን መመታት ደግሞ ለአንጎል ሌላ ጉዳት ነው።

ሁለተኛው ጆሯቸው ነው። በስልክ የማይገናኝ መልስ ሲሰጡ ሰምተው እርስዎ የአእምሮ መድከም ታየዎት፤ እኔ ግን ጥያቄው ደህና ተሰምቷቸው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩም እንዲሁ ናቸው? ድምፅዎን ከፍ ሲያደርጉስ? የመስማት ችግር ሳይታከም ሲቀር ሰውን የረሳ ያስመስላል፣ ከጨዋታም ያርቃል፤ የመርሳት በሽታንም ከሚያባብሱት ምክንያቶች መካከል ጉልህ ቦታ አለው። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ 14 ሊለወጡ የሚችሉ ምክንያቶች ሙሉ በሙሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። የመስማት ችግር ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ የስኳር በሽታ፣ ድብርት፣ የተበከለ አየርና ከሰው መገለልም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጆሮ ውስጥ የደረቀ ኩክ ማስወጣት ወይም የዓይን ሞራ ማስገፈፍ የአእምሮ ሕክምና አይመስልም፤ ለእናትዎ ግን እሱ ሊሆን ይችላል።

ወደ ከተማ የመምጣቱ ጥቅም የሚታየኝ ለሙሉ ምርመራ ነው፤ ለዚህ ለተወሰኑ ሳምንታት ማምጣትዎን እደግፋለሁ። ሐኪሙ የአእምሮ መጠይቁን ብቻ ሳይሆን የታይሮይድ ዕጢ ሥራን፣ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን፣ የደም ማነስንና ስኳርን እንዲያይ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ እንዲመረምር፣ አባትዎ ካረፉ ወዲህ ሐዘኑ ወደ ድብርት ተለውጦባቸው እንደሆነም እንዲጠይቅ ያድርጉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የመርሳት በሽታን የሚመስሉና ሲታከሙ የሚሻሻሉ ናቸው። ወንድምዎም አብሮ ይምጣ፤ መምጣት ካልቻለ ሐኪሙ በስልክ ያነጋግረው። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ያው ምርመራ በዚያው ቦታ እንዲደገም ቀጠሮ ይያዙ፤ የድካሙን ፍጥነት የሚያሳየው ሁለተኛው ውጤት ነውና።

ለዘለቄታው ማዛወርን በተመለከተ ግን የወንድምዎ ፍርሃት ቀላል አይደለም። አእምሮው መድከም የጀመረ ሰው በሚያውቀው ቤት ውስጥ ብዙ ነገር የሚያደርገው ሳያስብ ነው፤ ውኃው የት እንዳለ፣ ማታ ሲነሣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሚመጣ እግሩና እጁ ያውቁታል። በአዲስ ቤት ይህ ሁሉ እንደገና መታወስ አለበት፤ የደከመው ደግሞ አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታው ነው። እናትዎ በመንደራቸው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወጥተው ገብተው፣ አትክልታቸውን ኮትኩተው፣ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ እንደሚውሉ ነግረውኛል። እርስዎ ጠዋት ወጥተው ማታ በሚገቡበት አፓርታማ ውስጥ ቢቀመጡ አካላቸው ከሥራ፣ አንደበታቸው ከወሬ ይቆማል። ከእንቅስቃሴ ማነስና ከሰው መገለል የሚመጣው ጉዳት እውነተኛ ነው፤ ሊያድኗቸው ብለው ወደዚያ እንዳይከቷቸው እፈራለሁ።

ይህን ስል መዛወር ፈጽሞ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። መንገድ እየጠፋባቸው ከሆነ፣ እሳት ለኩሰው የሚረሱ ከሆነ፣ መድኃኒታቸውን የሚከታተልላቸው ሰው ከጠፋ፣ ወይም ወንድምዎ ችሎታውም ጊዜውም እንደሌለው በግልጽ ከተናገረ ሐሳቡ መነሣት አለበት። ያን ጊዜም ቢሆን በችኮላ ከሚሆን እየመጡ ጥቂት ጊዜ እየተቀመጡ፣ የራሳቸውን አልጋና ዕቃ ይዘው፣ ቀን አብሯቸው የሚውል ሰው ተዘጋጅቶላቸው ቢሆን ይሻላል። ከሁሉም በፊት ደግሞ እሳቸው ይጠየቁ። በደብዳቤዎ ውስጥ የእርስዎንና የወንድምዎን ሐሳብ በዝርዝር አንብቤያለሁ፤ የእናትዎን ፈቃድ ግን አላገኘሁም። የሚወዱትንና የሚጠሉትን ለመናገር የሚያግድ ነገር የደረሰባቸው አይመስለኝም፤ እዚያ ደረጃ እስካልደረሱ ድረስ ውሳኔው የእሳቸው ነው።

ከወንድምዎ ጋር ስትነጋገሩ «ቦታው ገደላት» የሚለውን ቃል ቢተዉት መልካም ነው፤ እዚያ የሚኖረውና በየቀኑ የሚንከባከባቸው እሱ ስለሆነ ነገሩን ወቀሳ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ይልቅስ ሥራውን ተከፋፈሉት። የመድኃኒቱ ክትትልና በየወሩ የግፊቱ ልኬት የእሱ ይሁን፤ የምርመራው ወጪ፣ የጆሮና የዓይን ሕክምናው፣ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መደወሉ የእርስዎ ይሁን። ከስድስት ወሩ ምርመራ በኋላ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ይዘው ቢጽፉልኝ፣ በመዛወሩ ጉዳይ ላይ ከዛሬው የተሻለ መልስ ልሰጥዎ እችላለሁ።